ዘር በምራቅ ሲቆጠር

ባለፈው ጥር ለአስተርእዮ ማርያም ሐሙሲት፣ በአባቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ሐሙሲትን ያውቃታል፤ ይሁን እንጂ ስሟን ካወጣላት የሐሙስ ገበያ በቀር በመንገደኛ ዐይን የምትያዝበት ነገር ብዙም የላትም። በዚያ ዕለት ግን የእኅቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበርና ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጠላው ተቀድቶ ጨዋታው ሞቅ ሲል ልጁ ከሻንጣው አራት ትንንሽ ብልቃጦች አወጣና በአረጋውያኑ ፊት ደረደራቸው።

«አባባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ምራቅ ይትፉልኝ» አላቸው የቤቱን ታላቅ፣ አጎቴን።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ዘራችን ከየት እንደ መጣ ይነግረናል። የኔ ወጥቷል፤ ይኸው» ብሎ ስልኩን አሳያቸው። አንድ ባለ ቀለም ክበብ፣ ከሥሩ «ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ» የሚል ጽሑፍ፣ ከጎኑ ደግሞ የፍርፋሪ ያህል ሁለት ሦስት የሩቅ አገር ስሞች።

አጎቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱና «ኢትዮጵያዊ መሆንህን ለማወቅ ገንዘብ ከፈልህ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከአራቱ ብልቃጦች አንዱ የቀረበላቸው ሰው፣ በዚህ ቤት ውስጥ ወንድም፣ አጎትና አያት ተብለው የኖሩ፣ አያቴ በአንድ ክፉ ዘመን ከመንገድ ዳር አንሥተው ከልጆቻቸው ጋር ያሳደጓቸው ናቸው። ይህን ከቤቱ ሰው እኩሌታው ያውቃል፤ እኩሌታው አያውቅም፤ እርሳቸው ራሳቸው ይወቁት አይወቁት እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚጠየቅም ነገር አይደለም። (ማንነታቸው እንዳይለይ ዝርዝሩን ለዋውጬዋለሁ፤ የሠፈሬ ሰው በከንቱ አይድከም።) ብልቃጦቹን ሰበሰብሁና ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው። የእኅቴ ልጅ አኮረፈ። በእርሱ ዐይን፣ አጎቱ ከእውቀት ፊት የቆመ ኋላ ቀር ሰው ሆኖ ታየው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የገባሁለት መልስ ነው። ነገር ግን ነገሩ ከአንድ ቤት አልፎ በየማኅበራዊ መገናኛው የምናየው፣ በየስብሰባው የምንሰማው ሆኗልና፣ ውድ አንባቢያን ቢያደምጡኝ ደስ ይለኛል።

አስቀድሜ ልናገር፤ ጠቤ ከሳይንሱ ጋር አይደለም። አንድ ሰው የአንድ ሰው ልጅ መሆን አለመሆኑን፣ ሁለት ሰዎች የአንድ እናት ልጆች መሆን አለመሆናቸውን ሲጠየቅ ምርመራው እውነቱን ይናገራል፤ ፍርድ ቤት ማስረጃውን ቢቀበለው የሚያስወቅስ አይደለም። ጠቤ፣ ስለ አባትና ልጅ እውነት የሚናገረውን መሣሪያ ይዞ «ዘርህ ይህ ነው፣ አገርህ ያ ነው፣ ከመቶ ይህን ያህል እንትና ነህ» እያለ ከሚሸጠው ገበያ ጋር፣ ይበልጡን ደግሞ ያንን ሸቀጥ ገዝቶ ለፖለቲካ ከሚቸረችረው የእኛው የተማረ ሰው ጋር ነው።

ስሌቱን እንመልከት። ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር፤ በሰባተኛው ቤት ላይ የተቀመጡት ብቻ 128 ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ያሉት ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። የአባቱን አባት፣ የዚያንም አባት እያለ ሰባት ስም የሚያነበንብ ጐበዝ ከ254 ሰዎች ሰባቱን ጠራ ማለት ነው። በዐሥረኛው ትውልድ ላይ ቁጥሩ 1,024 ይደርሳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የሚመጣው። ልጅ ከእያንዳንዱ ወላጁ የሚቀበለው የዘረመሉን ግማሽ ብቻ ነው፤ ያም ግማሽ በየትውልዱ የሚቆራረጠው በጥቂት ዐሥር ቦታዎች ላይ እንጂ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር የሚካፈሉት ቁራጮች ከአያቶቹ ቁጥር ያንሳሉ። በስሌት ሲታይ በዐሥረኛው ትውልድ ካሉት 1,024 አያቶች ግማሽ ያህሉ በዛሬው ልጃቸው አካል ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይተዉ ቀርተዋል።

ዐሥር ትውልድ ማለት ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ ጎንደር የነገሥታት መናገሻ የነበረችበት ዘመን። እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 ከነገሡት ከታላቁ ኢያሱ በቀጥታ የሚወለድ ሰው ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጤፍ ሲሸምት ሊገኝ ይችላል፤ ልደቱ እውነት፣ ቆጠራውም ትክክል ሆኖ ሳለ፣ በደሙ ውስጥ ከንጉሡ የተረፈ ቅንጣት ላይኖር ይችላል። ምራቁ ይህን የዘር ሐረግ አያውቀውም። እንግዲህ ከዘር ሐረግና ከምራቅ የትኛው ይዋሻል? አንዱም አይዋሽም፤ የሚናገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። የሚዋሸው ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚሸጠው ነው።

ከወንድ ወደ ወንድ ብቻ የሚተላለፈውን የዋይ ክሮሞዞም፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰውንም የማይቶኮንድሪያ ዘረመል እያነሡ «የአባቶቼ ምድብ ይህ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ከ1,024 አያቶች አንዱን ወንድና አንዲቱን ሴት መርጦ የቀሩትን 1,022 መካድ ነው። በዚህ ረገድ፣ ፊደል ያልቈጠረው የቤጌምድር ገበሬ ከዛሬው ባለ ስማርት ስልክ የበለጠ ሒሳብ ያውቅ ነበር ብል አላጋነንሁም። የርስት ሥርዓት የሚቆጠረው በአባትም በእናትም በኩል ነበርና። አሜሪካዊው አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ጥናቱን አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ባለርስት መሬቱን የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መወለዱን አስረድቶ ነው፤ መወለዱም በሴት አያቱ በኩል ቢሆን ያው መወለድ ነው። አንድ ሰው በብዙ መስመር ከብዙ አቅኚ አባቶች ይወለዳልና የትኛውን መስመር ቆጥሮ የት እንደሚሟገት ይመርጣል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ምስክር ይቆማል፤ ተቃዋሚው «ይህችኛይቱ አያትህ መካን ነበረች» ይላል፤ ሙግቱ ዓመታት ይፈጃል።

ይህን የማነሣው የድሮውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ያ ሥርዓት ጉልበተኛው ደካማውን በዘር ቆጠራ ስም የሚነቅልበትም ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲሽረው ያዘነ እንደ ነበረ ሁሉ እልል ያለም ብዙ ነበር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያ ሥርዓት ዘር መቁጠር ክርክር መሆኑን ቆጣሪውም ዳኛውም ያውቁት ነበር። አስታዋሽና አሳሳች፣ ምስክርና ተሟጋች ያለበት የሰው ሥራ ነው። የዛሬው ባለ ቀለም ክበብ ግን ክርክሩን ሁሉ ደብቆ «78.4 ከመቶ» ይልሃል። ነጥቡና ነጥቧን ተከትላ የመጣችው አራት ቁጥር ተሟጋቹን አፉን ታስይዘዋለች።

ለመሆኑ ያ መቶኛ ከየት ይመጣል? ኩባንያዎቹ የዐፄ ፋሲልን ዘመን ሰዎች ዘረመል በእጃቸው አልያዙም። በእጃቸው ያለው፣ ዛሬ በሕይወት ያሉና «አያቶቼ ሁሉ የዚህ አገር ሰዎች ናቸው» ብለው የተናገሩ ሰዎች ናሙና ነው። የእኅቴ ልጅ ምራቅ ከእነዚህ ናሙናዎች ጋር ተመሳክሮ ለየትኛው እንደሚቀርብ ይገመታል። ናሙናው ሲጨመር ወይም የስሌቱ ቀመር ሲቀየር የሰውየው «ዘር» አብሮ ይቀየራል፤ ሰውየው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ጣቢያ የአንድ ዕንቁላል መንትዮችን ምራቅ ለአምስት ኩባንያዎች ልኮ ነበር። አምስቱ አምስት ዓይነት መልስ ሰጡ፤ ይባስ ብሎ በአንዱ ኩባንያ ዘንድ ሁለቱ እኅትማማቾች እርስ በርሳቸው እንኳ አልተመሳሰሉም።

በእኛ አገር ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል። የገበያው ደንበኛ በአብዛኛው አውሮፓዊ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነውና፣ አየርላንድን በአውራጃ የሚከፋፍለው ካርታ ከሰማንያ በላይ ቋንቋ የሚነገርበትን ምድር ኤርትራን ጨምሮ በአንድ ሣጥን ይጠቀልለዋል። ይህ የናሙና እጥረት ብቻ ቢሆን ናሙና ይጨመር ባልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ ጥናት ከ68 ብሔረሰቦች የተውጣጡ 1,214 ኢትዮጵያውያንን መርምሯል፤ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም የሞቱትን ማን ይመረምራቸዋል? ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀረፁበት ነው። በዚሁ ስም የሚጠራ፣ የራሱ ቋንቋ የነበረው ሕዝብ በዐባይ ወዲያና ወዲህ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቮልፍ ሌስላው ቋንቋውን ለመመዝገብ ሲመጣ ያገኘው በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ሕዝቡ አልጠፋም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ በመካከላችን፣ ምናልባትም በውስጣችን አለ። በጣና ዳር ያሉት ወይጦዎችም የጥንት ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ መናገር ከጀመሩ ትውልዶች አልፈዋል። በዘመነ መሳፍንት ከየጁ የመጡት እነ ራስ ጉግሣና ራስ ዓሊ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው፣ ጭፍራቸውን በቤጌምድር አሰፍረው፣ አግብተውና ወልደው ኖረዋል። እንግዲህ «የደብረ ታቦር ሰው» ተብሎ ናሙና የሚሰጠው ማነው? ያ ናሙናስ ንጹሕ መለኪያ የሚሆነው ለምኑ ነው?

ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲኬድ ጉማራን ከተሻገሩ በኋላ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ በከብቱ የታወቀ ነው። የከብት ሊቃውንት የፎገራን ላም በዜቡና በሳንጋ መካከል ካለው፣ «ዜንጋ» ከሚሉት ምድብ ያስገቡታል፤ ድብልቅ ነው ማለት ነው። ድብልቅ መሆኑ ግን የፎገራ ላም መባሉን አልነሣውም። በረግረጉ ሜዳ የኖረው፣ ገበሬው በወተቱና በጉልበቱ እየመረጠ ያራባው ከብት የፎገራ ከብት ሆነ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከብት ይህን ያህል ከተፈቀደለት ሰው ምን አጠፋ? (ምሳሌው ሰውን ከከብት ጋር ማስተካከል ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሰውን በመቶኛ የሚከፋፍሉት ናቸውና ከብት ያደረጉት፣ ወቀሳውን ወደዚያ ያዙርልኝ።)

ሊቃውንቱም ቢሆኑ ይሳሳታሉ፤ ልዩነቱ፣ ሲሳሳቱ መናገራቸው ነው። በጋሞ ደጋ ከሚገኘው የሞታ ዋሻ የተገኘው፣ 4,500 ዓመት ያስቆጠረው ሰው ዘረመል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ይፋ ሲሆን፣ ከአውሮፓና እስያ ወገን የመጣ ደም እስከ ምዕራብና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተዳርሷል የሚል ድምዳሜ አብሮ ወጣ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በጥር 2016 አጥኚዎቹ ራሳቸው በኮምፒዩተር አሠራራቸው ላይ ስሕተት እንደ ነበረና ያ ድምዳሜ እንደማይጸና ተናገሩ፤ እርማቱ ግን የዜናውን ሩብ ያህል እንኳ አልተሰማም። ዛሬም ድረስ የተሻረውን ድምዳሜ እየጠቀሰ የሚከራከር «የታሪክ ተንታኝ» በዩቲዩብ ላይ አይጠፋም።

ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የአሪ ቀጥቃጮች ጉዳይ ነው። በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች ገበሬና ቀጥቃጭ ተብለው ይለያያሉ፤ ቀጥቃጩ የተናቀ ነው፤ ገበሬው አያገባውም። የዘረመል ናሙናቸው በተለመደው የኮምፒዩተር ስሌት ሲከፋፈል ቀጥቃጮቹ ለብቻቸው የጠራ አንድ ቀለም ሆነው ወጡ። ያን ያየ ሰው፣ እነዚህ ገበሬው ከመምጣቱ በፊት የነበሩ የጥንት አዳኝ ሕዝቦች ቅሪት ናቸው፣ ከገበሬው ጋር በዘር አይገናኙም ሊል ይችላል፤ የተባለበትም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥልቅ ምርመራ ግን ሁለቱ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ሕዝብ የተከፈሉ መሆናቸውን፣ ቀጥቃጮቹ የተለዩ የመሰሉት ተገልለው በጥቂት ቍጥር እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው መሆኑን አሳየ። አንባቢ ልብ ይበል! ንቀቱ ልዩነቱን ፈጠረ፤ ከዚያ ልዩነቱ በኮምፒዩተር ታየ፤ ከዚያም የታየው ልዩነት ለንቀቱ ምክንያት ሊሆን ተሰለፈ። እኛም ቤት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን «ቡዳ» እያልን ስንት ዘመን ኖረናል። ነገ አንዱ የእነርሱን ልጅ ምራቅ አስመርምሮ «ይኸው፣ ዘራቸው ሌላ ነው» ቢል ምን እንመልስለታለን?

በዘር የመመካት ነገር ከተነሣ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ቴዎድሮስን አለማንሣት አይቻልም። ካሣ ኃይሉ ገና ሽፍታ ሳለ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይዘልፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫነ በኋላ ግን የዘር ሐረጉ ከሰሎሞን ቤት የሚመዘዝ ሆኖ ተቆጠረ። ዙፋኑ ቀደመ፤ የዘር ሐረጉ ተከተለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የነገሥታቱን መወለድ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ሳይቋረጥ የመጣ ነው ብሎ በአንቀጽ ደነገገው፤ በአንቀጽ የተደነገገ ልደት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ አላገለገለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን የሚገኘው የጦር ሠራዊት ሙዚየም የቴዎድሮስን የፀጉር ቁንጮ ለኢትዮጵያ ሲመልስ «ይመርመርና ዘሩ ይታወቅ» የሚል አስተያየት በማኅበራዊ መገናኛ አንብቤ ስቄአለሁም፣ አዝኛለሁም። ያ ሰው ቴዎድሮስ የሆነው በእናቱ ሙያ አይደለም፤ በፀጉሩም አይደለም።

ወደ ዘመናችን ፖለቲከኞች ልመለስ። አንደኛው ወገን «እኛ ሴማውያን፣ እነርሱ ኩሻውያን» ወይም ተገላቢጦሹን እያለ የምርመራ ውጤት ይለጥፋል። ሴማዊና ኩሻዊ የቋንቋ ቤተሰቦች ስም ናቸው፤ ግስ እንዴት እንደሚረባ የሚያጠኑ ሰዎች ያወጧቸው። ቋንቋ ከጎረቤት ይወሰዳል፤ ጋፋቱ አማርኛን እንደ ወሰደው። በምራቅ ብልቃጥ ውስጥ የግስ እርባታ አይገኝም።

ሁለተኛው ወገን የባሰ ያስቸግረኛል፤ ወዳጆቼ በብዛት እዚያ ናቸውና። እነዚህ «አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግሬው በዘረመል የሚቀራረብ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ጠባችን ከንቱ ነው» ይላሉ። መቀራረቡ እውነት ነው፤ ጥናቶቹ ያሳያሉ። «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ግን ወዴት እንደምትወስደን ያስቡት። አብሮ ለመኖር መብታችን የተመሠረተው በደም መመሳሰል ላይ ከሆነ፣ ከእኛ በዘረመል የሚርቁት ጉሙዙና ኑዌሩ፣ አኙዋኩና ሙርሲው በዚህ አገር ምን ድርሻ ሊኖራቸው ነው? አንድ መሆናችንን በምራቅ ያስመሰከረ ሰው፣ ነገ ምራቁ ሌላ ቢመሰክር ሊቀበል ቃል ገባ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያችን «ብሔር» የሚል መስመር ይዞ ኖሯል፤ ያ መስመር የተሞላው በመዝጋቢው ጥያቄና በተመዝጋቢው ቃል ነበር። ዛሬ የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ ደግ አደረገ። ከመታወቂያው ያወጣነውን መስመር በብልቃጥ አዙረን ልናስገባው ከሆነ ግን ምኑን ተገላገልነው?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአገሬ ሰው። ይሳብ፤ ነገር ግን የቤተሰብን ልጓም ለላቦራቶሪ አሳልፎ መስጠት ምን እንደሚያስከትል በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ስደተኞች አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር የሚገናኙበትን መርሐ ግብር በዲ.ኤን.ኤ. ሊፈትን ተነሣ። በመጀመሪያ ናይሮቢ ላይ በዋናነት የሶማሌና የኢትዮጵያ ስደተኞች የሆኑ 500 ያህል ሰዎች፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች በድምሩ 3,000 ያህል ሰዎች ተጠየቁ። «ልጄ፣ ወንድሜ» የተባለው ሁሉ በዘረመል የተረጋገጠላቸው ቤተሰቦች ከመቶ ሃያ አልሞሉም፤ በቀሩት ዘንድ ወይ ቢያንስ አንዱ አልተዛመደም፣ ወይ ምርመራውን እምቢ ብለዋል። መርሐ ግብሩ ተቋረጠ፤ እስከ 2012ም አልተከፈተም።

ማጭበርበር አልነበረም አልልም። ስም የሸጠ፣ ቦታ የገዛ፣ የማያውቀውን ልጅ ልጄ ያለ ሰው ነበር። ነገር ግን ከጦርነትና ከረኀብ በወጣ ሕዝብ ውስጥ የሞተችውን እኅቷን ልጅ ያሳደገች ሴት «ልጄ» ብትል ዋሸች ይባላልን? የማውቃት አንዲት የደራ ሴት አለች። እኅቷ በወሊድ ስትሞት ሕፃኑን ተቀብላ ከራሷ ልጅ ጋር አንድ ጡት አካፍላ አሳደገችው። ውጭ አገር ከሄደች በኋላ ሁለቱንም ልጆቿን ለመውሰድ አመለከተች። አንድ ኤምባሲ ምርመራ ጠየቀ፤ አንዱ ልጅ «ልጅ» ሆነ፤ ሌላው «አክስትና የእኅት ልጅ» የሚል ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ትክክል ነበር። ልጁ ግን በዐሥራ አራት ዓመቱ፣ እናቱ እናቱ አለመሆኗን የተረዳው ከመስኮት ወዲያ ከተቀመጠች ጸሐፊ አንደበት ነው። ወንድሙ ሄደ፤ እርሱ ቀረ። በቅጹ ላይ «የወለድሁት» እና «ያሳደግሁት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢኖሩ ኖሮ ሴትዮዋ እውነቱን ለመጻፍ አንዲት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር።

የእኛ የራሳችን ሕግ በዚህ ረገድ የሠለጠነ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ይነሣል፤ በቤተሰቡና በኅብረተሰቡ ዘንድ እንደ ልጅ መታወቅንም ዋጋ ይሰጠዋል። ይህ ሕግ አውጪው ዲ.ኤን.ኤ. ስለማያውቅ የጻፈው አይደለም። ልጅነት ከመወለድ የሚበልጥ ነገር እንዳለበት ስላወቀ ነው።

የጎንደር ቤተ እስራኤሎችን ነገር ያነሣ ሁሉ ይህንኑ ይረዳዋል። የዘረመል ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ቤተ እስራኤል በዘረመሉ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ለኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑላቸው የተመለከቱት ግን የሃይማኖት መጻሕፍትን እንጂ ምራቅን አልነበረም። ያ ውሳኔ ለኋለኞቹ የ1984ና የ1991 ታላላቅ ጉዞዎች መንገድ ጠረገ። በብልቃጥ ቢለካ ኖሮ ለዘመናት ሰንበትን ጠብቆ፣ ቡዳ ተብሎ ተንቆ፣ ኦሪቱን ይዞ የኖረው ሕዝብ «አልተገኘህም» በተባለ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ለእኅቴ ልጅ እጄን እሰጣለሁ። ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ የሄዱት የኢትዮጵያ ልጆች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እስኪከለክለው ድረስ። ከእነርሱ መካከል «ወላጆችሽ ሞተዋል» ተብላ ያደገች፣ እናቷ ግን በሕይወት ያለች አለች። ለእርሷ ምርመራው ጨዋታ አይደለም። ሆኖም እርሷም ብትሆን ምራቋን ስትልክ የምታገኘው በአብዛኛው ቨርጂኒያ ያለ አራተኛ ቤት ዘመድ ነው፤ የወላይታ እናቷ ወይም የወሎ አባቷ በኩባንያው መዝገብ ላይ የሉምና። እናቷን የሚያገኝላት ቀበሌ ለቀበሌ የሚዞር፣ የሚጠይቅ፣ ስም ከስም የሚያመሳክር ሰው ነው፤ ብልቃጡ የሚያገለግለው በመጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ፣ ለማረጋገጥ ነው። በባርነት ምክንያት መዝገባቸው የተቆረጠባቸው ጥቁር አሜሪካውያንም ምንም ከማጣት ጥቂት ፍንጭ ይሻለናል ቢሉ የሚወቅሳቸው አይኖርም። የእኛው ልጅ ግን ሰባት ቤት የሚቆጥሩለት አጎት ከፊቱ ተቀምጠው ሳለ ነው ብልቃጥ የሚያወጣው!

ምራቁስ የማን ነው? ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው፣ 15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች የነበሩት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የደንበኞቹ ዘረመል ከጠረጴዛና ከወንበሩ ጋር በሀብትነት ተቆጥሮ ለጨረታ ቀረበ፤ በመጨረሻ የኩባንያው መሥራች የሚመሩት ድርጅት በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ ቀደም በ2023 የ6.9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተዘርፎ ነበር። ዘራፊዎቹ ለገበያ ያወጡት ዝርዝር እንዴት ተከፋፍሎ እንደ ነበር ያውቃሉ? በዘር ነው፤ የአሽኬናዚ አይሁድ ዝርዝር፣ የቻይናውያን ዝርዝር ተብሎ። ባለፉት ዓመታት ሰው በስሙና በአነጋገሩ ተለይቶ ከመኪና ሲወርድ፣ ከቤቱ ሲባረር ባየንበት አገር፣ ስምና መቶኛ ጎን ለጎን የተጻፈበት ዝርዝር ምን እንደሚሠራ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ደግሞም የሚተፋው አንድ ሰው ቢሆንም የሚገለጠው ዘመድ ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በካሊፎርኒያ ለአሥርተ ዓመታት ሲፈለግ የነበረ ነፍሰ ገዳይ የተያዘው ራሱ ምራቁን ሰጥቶ አይደለም፤ የሩቅ ዘመዶቹ በሰጡት ነው። እሰይ ተያዘ! ነገር ግን ያ መንገድ ለወንጀለኛ ብቻ የተጠረገ አይደለም፤ ክፉ ዘመን ከመንገድ ዳር ወደ አንሣቸው ሽማግሌም ይመራል።

የእኅቴ ልጅ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ኩርፊያውን ትቶ መጣና «ታዲያ ለልጆቼ ምን ልንገራቸው?» አለኝ። ጥያቄው የእውነት ስለ ነበር ደብተር ሰጠሁትና ወደ አጎቴ ላክሁት። ከቁርስ እስከ ሰዓት በኋላ ተቀመጡ። በአባት በኩል አምስት ቤት፣ በእናት በኩል አራት ቤት ተጻፈ። ሁለት ቦታ ላይ አጎቴ «ይህችን እኔም አልይዛትም፤ አምባሳሜ ያለችውን እትየን ጠይቃት» ብለውታል። አንድ ቦታ ላይም፣ የወንድማቸውን ስም አስጽፈው ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርሱ የእናቴ ልጅ ነው፤ እንደዚህ ብለህ ጻፍ» አሉት፤ ልጁም እንደዚያው ጻፈ። ብልቃጦቹ እስካሁን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ናቸው።